መራጭ የማይደርስባቸው ገዢዎች፦ የቤልጂየም ፓርቲዎች መከፈልና የፌዴራል ተጠያቂነት ጥያቄ

መግቢያ

በ1425 የተመሠረተው ጥንታዊው የሉቨን ዩኒቨርሲቲ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በቋንቋ ምክንያት ለሁለት ሲከፈል ቤተ መጻሕፍቱም አብሮ ተከፈለ። አከፋፈሉ በዋናነት የተከተለው የመጻሕፍቱን ይዘት ሳይሆን የመደርደሪያ ቁጥራቸውን ነበር፤ ተጋማሽ ቁጥር ያላቸው ለአንዱ ወገን፣ ኢ-ተጋማሽ ቁጥር ያላቸው ለሌላው ወገን ደረሱ። ደችኛ ተናጋሪው ዩኒቨርሲቲ በሉቨን ከተማ ቀረ፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ከቋንቋው ድንበር ማዶ ሉቨን-ላ-ኔቭ ወደተባለ አዲስ የተቆረቆረ ከተማ ተዛወረ። ከዚያ በኋላ የአንዱ ተመራማሪ የሚፈልገው መጽሐፍ በሌላው እጅ ሲገኝ መጠየቅና መዋስ ግድ ሆነ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ አስገራሚ ገጠመኝ ይነገራል። በዚያው ሰሞን የተጀመረው ሌላው ክፍፍል ግን የበለጠ ትኩረት ይገባዋል፤ እርሱም የአገሪቱ ዋና ዋና ፓርቲዎች በቋንቋ መከፈል ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ከተለያዩ በኋላ መጻሕፍት መዋዋስ ይችላሉ። ፓርቲዎቹ ከተለያዩ በኋላ ግን አንዱ ወገን የሌላውን ድምፅ የሚጠይቅበት መንገድ ተዘጋ ለማለት ይቻላል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው። በቤልጂየም በተደጋጋሚ የታየው የመንግሥት ምሥረታ ቀውስ በቋንቋ ልዩነት መኖር ብቻ አይገለጽም፤ ለክልሎች ሰፊ ሥልጣን በመሰጠቱም አይገለጽም። ብዙ ቋንቋና ሰፊ የክልል ሥልጣን ያላቸው፣ ግን መንግሥት ለመመሥረት ከአንድ ዓመት በላይ የማይፈጅባቸው አገሮች አሉ። የቤልጂየምን ጉዳይ ልዩ የሚያደርገው በፌዴራል ደረጃ ሥልጣን የሚይዙ ፖለቲከኞች ከሚያስተዳድሩት ሕዝብ ከፊሉን ድምፅ እንዲጠይቁ የማይገደዱ፣ ያም ሕዝብ በድምፁ ሊሸልማቸውም ሆነ ሊቀጣቸው የማይችል መሆኑ ነው። በፌዴራል ሥርዓት ላይ የሚደረገው ክርክር የሥልጣን ክፍፍልን ያህል ይህን የተጠያቂነት ክፍተት ሊመለከት ይገባል። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ከተባሉት በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከአንድ ፓርቲ ወደ ሁለት

ቤልጂየም በ1830 ነጻነቷን ስታውጅ ከሕዝቧ የሚበዛው የደችኛ ዘዬዎች ተናጋሪ ቢሆንም፣ የመንግሥት፣ የፍርድ ቤትና የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። በደችኛ የሚጻፍ ሕግ ከፈረንሳይኛው እኩል ክብር ያገኘው በ1898 ነው። የጌንት ዩኒቨርሲቲ ሙሉ በሙሉ በደችኛ ማስተማር የጀመረው ከነጻነት አንድ መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1930 ነው። የፍሌሚሽ ንቅናቄ የተነሣበት ቅሬታ እውነተኛና ሥር የሰደደ እንደነበር ከእነዚህ ሁለት ዓመታት ብቻ መረዳት ይቻላል።

በዚያው ዘመን የኢኮኖሚው ሚዛን ወደ ደቡብ ያጋደለ ነበር። የዋሎኒያ የድንጋይ ከሰል ማዕድንና የብረት ፋብሪካዎች አገሪቱን ከአውሮፓ ቀዳሚ የኢንዱስትሪ አገሮች አንዷ አድርገዋት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የከሰል ጉድጓዶቹ ተራ በተራ ተዘጉ፤ በአንጻሩ አንትወርፕን በመሰለ ትልቅ ወደብ የታገዘው የፍላንደርስ ኢኮኖሚ አደገ። በ1960ዎቹ ሚዛኑ ተገለበጠ። በቋንቋ ተበድዬ ነበር የሚለው ወገን ባለ ሀብት ሲሆን፣ ቀድሞ ባለ ሀብት የነበረው ወገን ደግሞ በቁጥር ብልጫ እዋጣለሁ ብሎ መስጋት ጀመረ። ሁለቱም ወገኖች ራሳቸውን እንደ ተበዳይ ለማየት የሚያበቃ ምክንያት አገኙ።

በ1962 እና በ1963 በወጡ ሕጎች የቋንቋው ድንበር በካርታ ላይ ተለይቶ ተሰመረ። ሉቨን ከድንበሩ በስተ ሰሜን፣ በፍላንደርስ ምድር ስለዋለች፣ የዩኒቨርሲቲው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ክፍል ከከተማዋ እንዲወጣ የሚጠይቀው የፍሌሚሽ ተማሪዎች እንቅስቃሴ በረታ። ጉዳዩ ከግቢው አልፎ ካቢኔውን ስለከፈለ በየካቲት 1968 የጠቅላይ ሚኒስትር ፖል ፋንደን ቡይናንትስ መንግሥት ወደቀ። በቀጣዩ ወር በተካሄደው ምርጫ የክርስቲያን ዴሞክራቱ ፓርቲ ሁለት ክንፎች የየራሳቸውን ዘመቻ አካሄዱ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ፓርቲዎች ሆኑ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሊበራሎቹ ተከተሉ። በ1978 ሶሻሊስቶቹም ተለያዩ። በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ቤልጂየምን በየተራና በጥምረት ሲያስተዳድሩ የኖሩት ሦስቱ ታላላቅ ፓርቲዎች ስድስት ሆኑ።

እዚህ ላይ የጊዜ ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የመንግሥቱ አወቃቀር ማሻሻያ በ1970 ተጀምሮ በ1980 እና በ1988 ቀጠለ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንደኛው አንቀጹ ቤልጂየም ፌዴራል መንግሥት መሆኗን ያወጀው በ1993 ነው። ስለዚህ ፓርቲዎቹን የከፈላቸው የፌዴራል ሥርዓቱ አይደለም። ይልቁንም የፌዴራል ሥርዓቱን የተደራደሩትና የነደፉት ቀድመው የተከፈሉ፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ወገን ብቻ ድምፅ የሚያገኙ ፓርቲዎች ናቸው። የተደራዳሪው ማንነት በስምምነቱ መልክ ላይ ይንጸባረቃል። እያንዳንዱ ድርድር የሚጠናቀቀው ከመሃል ሥልጣን ተቀንሶ ለሁለቱም ወገን በመስጠት ነበር፤ ለመሃሉ የሚቆረቆር፣ ከሁለቱም በኩል ድምፅ የሚጠብቅ ተደራዳሪ በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረምና።

ድንበር የማይሻገር ድምፅ

የፓርቲ መከፈል በመራጩና በተመራጩ ግንኙነት ላይ ምን ያስከትላል? ነገሩን በቀላሉ ለማየት በአንድ ፖለቲከኛ ቦታ ሆኖ ማሰብ ይበቃል። ድምፁን በሙሉ ከፍላንደርስ የሚያገኝ እጩ፣ የማኅበራዊ ዋስትና ገንዘብ ከሰሜን ወደ ደቡብ መፍሰሱ ይቁም ቢል በዋሎኒያ የሚያጣው ድምፅ የለም። ድምፁን በሙሉ ከዋሎኒያ የሚያገኝ እጩም በዚህ ጉዳይ ላይ አንዲት ነጥብ አትነካም ብሎ ቢምል በፍላንደርስ የሚከፍለው ዋጋ የለም። ሁለቱም በየሰፈራቸው ከሚፎካከራቸው ፓርቲ በልጠው ለመታየት ቃላቸውን ያጠነክራሉ። በተከፋፈለ ማኅበረሰብ ውስጥ ለዘብተኝነት የሚያተርፈው ከሌላው ወገን ድምፅ የሚገኝበት ሲሆን ብቻ ነው። ያ ዕድል ሲዘጋ ለዘብተኛው በራሱ ሰፈር እንደ ከዳተኛ ይቆጠራል።

ከምርጫው ማግስት ግን እነዚሁ እጩዎች አብረው እንዲያስተዳድሩ ይጠበቃል። በምርጫ ዘመቻ ወቅት ሊካሄድ ይገባው የነበረው ድርድር ከምርጫው በኋላ ይጀመራል፤ ተደራዳሪዎቹም እርስ በርስ የሚጣረሱ ቃል ኪዳኖች ተሸክመው ይገናኛሉ። በሰኔ 2010 በተካሄደው ምርጫ 150 መቀመጫ ባለው ምክር ቤት 27 መቀመጫ ያገኘው የፍሌሚሽ ብሔርተኛው ኤን-ቪኤ ሲሆን፣ 26 ያገኘው የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ሶሻሊስት ፓርቲ ነበር። አንደኛው የመሃሉ መንግሥት እንዲሳሳ፣ ሁለተኛው እንዲጸና ቃል ገብተዋል። አንዱ ከሌላው መራጮች ፊት ቀርቦ አልተከራከረም። ውጤቱ በዓለም ዙሪያ የተነገረለት የ541 ቀናት ድርድር ነበር፤ በኤሊዮ ዲ ሩፖ የሚመራው መንግሥት ሥራ የጀመረው በታኅሣሥ 2011 ነው። ከ2019 ምርጫ በኋላም የአሌክሳንደር ደ ክሮ መንግሥት እስኪመሠረት ድረስ ከአሥራ ስድስት ወራት በላይ አልፏል።

ጊዜው መርዘሙ ብቻውን ትልቁ ጉዳት አይደለም። ከዚያ የሚበልጠው ከድርድሩ የሚወለደው መንግሥት ከመራጩ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። የዲ ሩፖ መንግሥት በምክር ቤቱ ከነበሩት 88 የደችኛ ቋንቋ ቡድን አባላት የ43ቱን ድጋፍ ብቻ ይዞ ነበር፤ ማለትም በሕዝብ ቁጥር በሚበልጠው ወገን አብላጫ አልነበረውም። በ2014 ነገሩ ተገላበጠ። የቻርልስ ሚሼል ጥምር መንግሥት ከፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በኩል የያዘው አንድ ፓርቲ ብቻ ነበር፤ ያም ፓርቲ ከ63ቱ የፈረንሳይኛ ቋንቋ ቡድን መቀመጫዎች 20 ነበረው። በመጀመሪያው ጊዜ ፍሌሚሾች፣ በሁለተኛው ጊዜ ዋሎኖች አብላጫቸው ያልመረጠው መንግሥት ሲያስተዳድራቸው አዩ። ይህ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም፤ በማናቸውም ዴሞክራሲ ተሸናፊ አለ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። በአንድ የምርጫ ሜዳ የተሸነፈ ዜጋ በሚቀጥለው ምርጫ አሸናፊውን ለመጣል ድምፁን ይጠቀማል። በ2014 የአንትወርፕ ነዋሪ ግን ዲ ሩፖን ደግፎም ሆነ ተቃውሞ ድምፅ ሊሰጥ አልቻለም፤ የፓርቲው ስም በምርጫ ወረቀቱ ላይ አልነበረምና። መንግሥቱን ለመቅጣት ቢፈልግ መቅጣት የሚችለው በመንግሥቱ የተሳተፉትን የራሱን ወገን ፓርቲዎች ብቻ ነበር። አብሮ የማስተዳደርን ኃላፊነት የወሰዱት ይቀጣሉ፤ ከዳር ቆመው የጮኹት ይሸለማሉ። በዚህ ዓይነት ሥርዓት ውስጥ ጽንፈኛ ድምፆች ምርጫ በመጣ ቁጥር ቢጠናከሩ ሊደንቅ አይገባም።

ከዚህ ደንብ ውጪ የቀረችው አንዲት ትልቅ ከተማ ብራስልስ ናት። የብራስልስ ነዋሪ በምርጫ ወረቀቱ ላይ የሁለቱንም ቋንቋ ፓርቲዎች ያገኛል። እስከ 2012 ድረስ ዋና ከተማዋና በፍላንደርስ የሚገኙት አጎራባቾቿ ብራስልስ-ሃል-ቪልቮርድ በሚባል አንድ የምርጫ ክልል ሥር ስለነበሩ፣ በከተማዋ ዙሪያ በፍላንደርስ መሬት የሚኖሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎችም ለፈረንሳይኛ ፓርቲዎች ድምፅ መስጠት ይችሉ ነበር። የሕገ መንግሥት ጉዳዮችን የሚመለከተው ፍርድ ቤት በ2003 በምርጫ ክልሎቹ አደረጃጀት ላይ ያለው አለመጣጣም እንዲስተካከል ወሰነ፤ ክርክሩ በ2010 መንግሥት ከጣለ በኋላ የምርጫ ክልሉ በ2012 ተከፈለ። ውሳኔው በሕግ ረገድ የራሱ አመክንዮ ነበረው። ይሁን እንጂ በሁለቱ ወገኖች መካከል የቀረችው ጠባብ መተላለፊያ ስትዘጋ በምትኩ ሌላ አልተከፈተም።

ከላይ የተደረገ ጥንቃቄ

የቤልጂየም ሕገ መንግሥት ነዳፊዎች ችግሩን አላዩትም ማለት አይቻልም። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሳይጨምር፣ እኩል ቁጥር ካላቸው ደችኛና ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሚኒስትሮች ይዋቀራል። የመንግሥቱን አወቃቀር የሚነኩ ልዩ ሕጎች ከጠቅላላው ድምፅ ሁለት ሦስተኛውንና በየቋንቋ ቡድኑ አብላጫ ድምፅ ይፈልጋሉ። ከአንድ ቋንቋ ቡድን ሦስት አራተኛ አባላት አንድ የሕግ ረቂቅ በማኅበረሰቦች መካከል ያለውን ግንኙነት በብርቱ ይጎዳል ብለው ካመለከቱ፣ የማንቂያ ደወል በሚባለው ሥነ ሥርዓት ረቂቁ ይታገድና ጉዳዩ ወደ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመራል።

እነዚህ ዋስትናዎች ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው። በቁጥር የሚያንሰው ወገን በድምፅ ብልጫ እንዳይዋጥ ጠብቀዋል፤ በቁጥር የሚበልጠውም ወገን ለትዕግሥቱ ምትክ የራሱን ቋንቋና ትምህርት በራሱ እንዲመራ አስችለዋል። ሆኖም ሁሉም የሚሠሩት በመሪዎች መካከል ነው። አንዱ መሪ ሌላውን እንዲያቆም ሥልጣን ይሰጡታል፤ አንዱ መሪ ለሌላው መራጭ እንዲያስብ ግን ምክንያት አይሰጡትም። ሕንጻውን ከጣሪያው በኩል በብረት አስረውታል፤ መሠረቱ ግን በሁለት የተለያዩ መሬቶች ላይ እንደቆመ ነው። ማገድን የሚያውቅ፣ ማግባባትን የማያስተምር ሥርዓት ደግሞ በእያንዳንዱ ቀውስ ማግስት ያለው አማራጭ አንድ ነው፦ የማያስማማውን ጉዳይ ከመሃል አውጥቶ ለሁለቱም መስጠት። ስድስተኛው የመንግሥት ማሻሻያ የቤተሰብ የልጆች ድጎማን ሳይቀር ከፌዴራሉ ወደ ማኅበረሰቦቹ አዛውሯል። መስጠቱ በየጊዜው ሰላም ያስገኛል፤ የሚሰጠው ግን እያለቀ ይሄዳል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

ይህ መከራከሪያ ቢያንስ ሦስት ጠንካራ ተቃውሞዎች ሊነሡበት ይችላሉ።

የመጀመሪያው ምክንያትና ውጤት ተምታቷል የሚለው ነው። ፓርቲዎቹ የተከፈሉት ሕዝቡ አስቀድሞ ስለተከፈለ ነው ይባላል። በ1954 የተመሠረተው ፎልክስኡኒ፣ በ1964 የተመሠረተው የብራስልስ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ግንባርና በ1968 የተመሠረተው የዋሎኖች ስብስብ ከትልልቆቹ ፓርቲዎች ድምፅ እየነጠቁ እንዲከፈሉ እንደገፏቸው እውነት ነው። ተቃውሞው ስለ መነሻው ትክክል ነው። ስለ ዘለቄታው ግን አይመልስም። በሽታን ያመጣው ነገርና በሽታው እንዳይድን የሚያደርገው ነገር አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የ1968ቱ ቁጣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያን ቁጣ በየምርጫው የሚያድሰው አሠራር ግን ዛሬም በሥራ ላይ ነው። የሠራተኞች ፓርቲ በሁለቱም ቋንቋዎች አንድ ድርጅት ሆኖ እየተወዳደረ በ2019 የ12፣ በ2024 የ15 መቀመጫዎች ባለቤት መሆኑ፣ የሁለቱ ቋንቋዎች አረንጓዴ ፓርቲዎችም በፌዴራሉ ምክር ቤት አንድ ቡድን ሆነው መቀመጣቸው ድንበሩ በተፈጥሮ የማይሻገር እንዳልሆነ ያሳያል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቤልጂየም አልፈረሰችም የሚለው ነው። ከ541 ቀናት ድርድር በኋላም ደመወዝ ተከፍሏል፤ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል፤ በቋንቋ ጠብ ምክንያት የእርስ በርስ ጦርነት አልተነሣም። ይህ ትልቅ ስኬት ነው፤ ከዚህ በባሰ መንገድ የተለያዩ አገሮችን ያየ ሁሉ ሊያከብረው ይገባል። ነገር ግን ስኬቱ የተገኘው በጸና የሕዝብ አስተዳደር፣ በበለጸገ ኢኮኖሚ፣ በአውሮፓ ኅብረት ጥላ ሥርና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከፖለቲከኞች ውጪ ሥራቸውን በሚቀጥሉበት አገር ነው። እነዚህ ሁኔታዎች ያልተሟሉለት አገር የቤልጂየምን የፓርቲ አደረጃጀት ወስዶ የቤልጂየምን ሰላም እጠብቃለሁ ቢል የተሳሳተ ስሌት ይሆናል።

ሦስተኛውና በዚህ ጸሐፊ እምነት ከባዱ ተቃውሞ የቀድሞዎቹ አንድ ወጥ ፓርቲዎች ፍትሐዊ አልነበሩም የሚለው ነው። ቤልጂየም በአንድ ወጥ ፓርቲዎች በተዳደረችበት ዘመን የደችኛ ተናጋሪው አቤቱታ በፓርቲ ዲሲፕሊን ታፍኖ ቆይቷል። አገር አቀፍ የሚል ስም የአንዱን ቋንቋ የበላይነት መሸፈኛ ሊሆን ይችላል። ይህን መካድ ታሪክን መካድ ነው። ስለዚህ ወደ ቀድሞው አደረጃጀት እንመለስ ማለት መፍትሔ አይሆንም። የሚፈለገው የየወገኑን ፓርቲ እንደ ቆመ ትቶ ከወገኑ ውጪ ያለውን መራጭ እንዲያዳምጥ የሚያስገድድ አሠራር ነው።

አንድ የተጠና አማራጭ

እንዲህ ያለ ሐሳብ በቤልጂየም ቀርቧል። የፓቪያ ቡድን በሚል የሚታወቁት፣ ክሪስ ደሽሃውርና ፊሊፕ ፋን ፓረይስ የሚገኙባቸው የሁለቱም ቋንቋዎች ምሁራን፣ ከ150ዎቹ የምክር ቤት መቀመጫዎች 15ቱ መላ አገሪቱን በሚሸፍን አንድ የፌዴራል የምርጫ ክልል እንዲሞሉ ሐሳብ አቅርበዋል። መራጩ አንድ ድምፅ በሚኖርበት አካባቢ ላሉ እጩዎች፣ ሌላ ድምፅ ደግሞ ለፌዴራሉ ዝርዝር ይሰጣል። ፓርቲዎቹ መዋሐድ አይጠበቅባቸውም። ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን የሚያስብ መሪ ግን ስሙን በዚህ ዝርዝር ላይ ማስፈር፣ በማዶው ቋንቋ መከራከርና ለማዶው ሕዝብ መልስ መስጠት ይኖርበታል።

ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ከአሥር አንድ። ጥቅሙም በመቀመጫው ብዛት አይለካም። ትልቁ ጥቅም መሪዎቹ አንዱን ወገን የሚያስደስት ንግግር ሲያደርጉ ሌላው ወገን እየሰማ ድምፁን እንደሚወስን ማወቃቸው ነው። እስካሁን ሐሳቡ ሕግ አልሆነም፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሕጉን ማጽደቅ የሚችሉት ከአሁኑ አሠራር የተጠቀሙት ፓርቲዎች ናቸው። ሆኖም ኤን-ቪኤ ራሱ በ2024 ለፌዴራሉ ምክር ቤት በዋሎኒያም እጩዎችን ማቅረቡ፣ መቀመጫ ባያገኝም፣ አስተማሪ ነው። አገሪቱን ለመምራት የሚሻ ብሔርተኛ ፓርቲ እንኳ ከድንበሩ ማዶ ያለው መራጭ አስፈላጊነቱ ተሰምቶታል። መሪው ባርት ደ ቬቨር በየካቲት 2025 የቤልጂየም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል።

ሌላ መንገድ የመረጠች አገር ናይጄሪያ ናት። በ1999ኙ ሕገ መንግሥት መሠረት ፕሬዚዳንት ለመሆን አብላጫ ድምፅ ብቻ አይበቃም፤ ከክፍለ ግዛቶቹ ቢያንስ በሁለት ሦስተኛው ውስጥ ከተሰጠው ድምፅ አንድ አራተኛ ማግኘት ያስፈልጋል። ይህ ደንብ የናይጄሪያን ችግሮች ሁሉ አልፈታም፤ ፓርቲዎቹም ከመርሕ ይልቅ በልሂቃን ስምምነት ላይ የቆሙ ናቸው ተብለው ይተቻሉ። ቢሆንም ማንም እጩ በአንድ አካባቢ ድምፅ ብቻ ወደ ሥልጣን እንዳይወጣ በሩን ዘግቷል። ከሁለቱ አገሮች የሚገኘው ትምህርት የፖለቲከኛን ባሕርይ በስብከት ከመለወጥ ይልቅ ድምፅ የሚያገኝበትን ቦታ መለወጥ ይቀላል የሚል ነው።

ከእኛ ክርክር ጋር ያለው ዝምድና

በኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተመሠረተው ፌዴሬሽን ሲመዘን ቤልጂየም በተደጋጋሚ ትጠቀሳለች። ብዙውን ጊዜ ንጽጽሩ የሚያተኩረው በቋንቋ መብት፣ በክልል ወሰንና በሥልጣን ክፍፍል ላይ ነው። የፓርቲው አደረጃጀት ግን ከዚህ ያነሰ ትኩረት አግኝቷል። በኢሕአዴግ ዘመን አራቱ አባል ድርጅቶች በየክልላቸው ይወዳደሩ፣ በግንባሩ ምክር ቤት ደግሞ እኩል ድምፅ ይዘው ይቀመጡ ነበር። በባሕር ዳር ያለ መራጭ በአዳማ ወይም በሐዋሳ ወይም በመቐለ የሚወዳደረውን ድርጅት መደገፍም ሆነ መቃወም አይችልም ነበር፤ የፌዴራሉን መንግሥት ግን አራቱም በአንድነት ይመሩታል። ከላይ እኩልነት፣ ከታች መለያየት፤ ከዚህ አንጻር አሠራሩ ከቤልጂየሙ ጋር ተመሳሳይነት ነበረው። ልዩነቱ በቤልጂየም ድርድሩ በአደባባይ ሲካሄድ በእኛ ዘንድ በአንድ ግንባር ውስጥ በዝግ መካሄዱ ነው። የግንባሩ አንድነት ሲላላ ጉዳዩን በመራጩ ፊት ለመዳኘት የተዘጋጀ ሌላ መድረክ አልነበረም።

በ2012 ዓ.ም. ከአራቱ ሦስቱና አጋር ይባሉ የነበሩት አምስት ድርጅቶች ብልጽግና ፓርቲ በሚል ተዋሕደዋል፤ ሕወሓት ከውሕደቱ ውጪ ሆኗል። ይህ ለውጥ ችግሩን ፈትቷል ወይስ አልፈታም የሚለውን ለመመለስ የፓርቲውን ስም ወይም የአባላቱን ብዛት መቁጠር አይበቃም። መጠየቅ ያለበት ከላይ የተነሣው ጥያቄ ነው፦ የአንድ ክልል ፖለቲከኛ የሌላውን ክልል ሕዝብ ቢበድል ወይም ቢያስቀይም የተበደለው ሕዝብ በድምፁ ሊቀጣው ይችላልን? በአንድ ፓርቲ ጥላ ሥር የሚሠሩ ነገር ግን የየክልላቸውን ጭብጨባ ብቻ የሚጠብቁ መሪዎች በተግባር ከተከፈሉ ፓርቲዎች አይለዩም። በአንጻሩ የየብሔራቸውን ስም የያዙ፣ ነገር ግን ከሌላው ድምፅ ካላገኙ ሥልጣን የማይደርሱ ፓርቲዎች ተቻችለው ሊሠሩ ይችላሉ።

የእኛ የምርጫ ሥርዓት በአንድ የምርጫ ክልል አንድ ተመራጭ፣ እርሱም አብላጫ ድምፅ ያገኘው ብቻ የሚያልፍበት ስለሆነ ችግሩን ሊያብስ ይችላል። በቤልጂየም የተመጣጣኝ ውክልና ሥርዓት አለ፤ በየክልሉ ያለው የድምፅ ልዩነት ቢያንስ በየወገኑ ፓርቲዎች ብዛት ይታያል። በእኛ ዘንድ በአንድ ክልል የበላይነት ያለው ፓርቲ የክልሉን መቀመጫዎች ሁሉ ሊጠቀልል ይችላል፤ በዚያው ክልል የሚኖር ሌላ አሳብ ያለው ዜጋ ድምፅ ግን በፌዴራሉ ምክር ቤት አይሰማም። ስለሆነም በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ዙሪያ የሚደረግ ማናቸውም ውይይት ክልሎች ስንት ይሁኑ፣ ወሰናቸውስ የት ይለፍ ከሚለው ጥያቄ ጋር፣ የፌዴራሉን ሥልጣን የሚሻ ሰው ከየት ከየት ድምፅ እንዲያመጣ ይጠበቅበታል የሚለውን ጥያቄ ጎን ለጎን ማንሣት አለበት። ከተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ጥቂቱን መላ አገሪቱን በሚሸፍን ዝርዝር መሙላት ሊጠና የሚገባው አንዱ አማራጭ ነው። የትኛውንም ሕዝብ ቋንቋውን፣ መሬቱን ወይም የራስ አስተዳደሩን አያሳጣም፤ ፖለቲከኛውን ግን ከሰፈሩ ውጪ እንዲወጣ ያስገድደዋል።

ማጠቃለያ

ቤልጂየም በቋንቋ የተለያዩ ሕዝቦች ያለ ደም መፋሰስ በአንድ መንግሥት ሥር ሊኖሩ እንደሚችሉ አሳይታለች። ከዚህም ጋር መሪዎችን የሚያስማሙ ዋስትናዎች ብቻቸውን አገርን የሚያስተሳስር ፖለቲካ እንደማይፈጥሩ አሳይታለች። የፌዴራል ሥርዓት ሁለት ዕዳ አለበት፤ አንደኛው እያንዳንዱ ሕዝብ በራሱ ጉዳይ ራሱ እንዲወስን ማድረግ፣ ሁለተኛው በጋራ ጉዳይ የሚወስኑት ሰዎች ለሁሉም መልስ እንዲሰጡ ማድረግ ነው። የመጀመሪያውን ዕዳ ብዙ ፌዴሬሽኖች በሕገ መንግሥታቸው ከፍለዋል። ሁለተኛው የሚከፈለው በምርጫ ሕግና በፓርቲ አደረጃጀት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ሁለቱ የሉቨን ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬም የየራሳቸውን ግማሽ ስብስብ ይዘው ይገኛሉ። አንባቢው ግን ማዶ ያለውን መጽሐፍ ጠይቆ ማግኘት ይችላል፤ ይህን የሚፈቅድ አሠራር አለና። መራጩም ማዶ ሆኖ የሚያስተዳድረውን ሰው ጠይቆ መልስ የሚያገኝበት አሠራር ሊኖረው ይገባል።